አሥር ሰዓት ላይ የሚመጣው ረሃብ

ቀን 1፣ እሁድ

ትናንት ፀጉሬን ከነቅንድቤ ተላጭቼ የቡድሃ መነኮሳትን ቢጫ ለበስኩ። ሰው ቅንድቡን ሲያጣ ፊቱ ይህን ያህል ሜዳ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም፤ በገዳሙ የውሃ በርሜል ውስጥ ራሴን ሳየው የተላጠ እንቁላል መስያለሁ። ልጄ ፓቻሪ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ተንበርክካ ሰገደችልኝና "አባዬ" ማለቷን ትታ "አባ ቡንሎም" አለችኝ፣ በአንቱታ። ስልሳ አንድ ዓመት ስኖር እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም።

ነገ እንዳልክደው ከፓቻሪ ጋር የገባሁትን ውል እዚህ ልጻፈው። በተላጨሁበት ቀን የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጣቴን ወግታ ስኳሬን ስትለካው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነበር። የክረምቱ ሱባኤ ዘጠና ቀን ነው። ሲያልቅ በባዶ ሆዴ ከመቶ ሠላሳ በታች ከሆንኩ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ካልሆንኩ ቤቱ ይቆለፋል፣ እኔም ባንኮክ ሄጄ ከፓቻሪ ጋር እኖራለሁ፤ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ። ሰው አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ይሠራል? ቁራ ነው?

የመንደሩ ሰው ለላምዱዋን ነፍስ ብዬ የመነኮስኩ ይመስለዋል። ባለቤቴ ከሞተች ስምንት ወር ሆናት። አልክድም፣ ለእሷም ነው። ዋናው ግን ሕጉ ነው፤ መነኩሴ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ አይበላም። የእኔ ችግር ደግሞ የሚጀምረው ልክ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ከፖስታ ቤት ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት አልፎኛል፣ የመብላቱ አባዜ ግን ያገኘኝ ካለፈው ኅዳር ወዲህ ነው። ሌላ ምንም አይደለም፣ ድብርት ነው። ሥራ የፈታ አፍ።

ቀን 2፣ ሰኞ

ራበኝ።

ቀን 3፣ ማክሰኞ

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሳህናችንን አቅፈን፣ በባዶ እግራችን፣ አቀርቅረን ምጽዋት ለመቀበል መንደሩን እንዞራለን። አምስት መነኮሳት ነን። አበምኔቱ አባ ቶንግዳም ከፊት፣ እኔ አዲስ የገባሁት ከኋላ። አባ ቶንግዳም ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ክብደታቸው በእኔ ግምት አርባ አምስት ኪሎ ቢሆን ነው። በዓይን መመዘን እችልበታለሁ።

ገዳም የገባሁት ከምግብ ሸሽቼ ነበር። ምግቡ በየደጁ ተሰልፎ ጠበቀኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የዚህን መንደር ጥቅል እየመዘንኩ የላክሁ ሰው ነኝ፣ ምን እንደምወድ ሁሉም ያውቃል። ጎረቤቴ እትዬ ቡንሩዋን በእንቁላልና በኮኮናት ወተት የተሞላ አንድ ሙሉ ዱባ ሳህኔ ላይ ጣል አደረገችልኝ። የተሰጠኝን እምቢ ማለት አልችልም። ደግሞ ሰው ለመነኩሴ የሚሰጠው ሟቹ ይወደው የነበረውን ነው፤ እኛ ስንበላ ለሟቹ ይደርሰዋል። በዚህ መንደር ጎመን ይወድ የነበረ አንድም ሟች የለም። ሁሉም የአሳማ ጮማ ሲወዱ ነው የሞቱት። ምናልባት የሞቱትም ለዚሁ ይሆናል።

ቀን 6፣ ዓርብ

ከጎጆዬ ደጃፍ የጊሽጣ ዛፍ አለ። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ አንዱ በስሎ ወደቀና ተሰነጠቀ። እኔና እሱ ተያየን።

መነኩሴ ከሰው እጅ ያልተቀበለውን አይበላም፣ መሬት ላይ የወደቀም ቢሆን። ስድስት ሰዓትም አልፏል። ለአንድ ጊሽጣ ሁለት ሕግ።

ቀን 7፣ ቅዳሜ

ጉንዳን ጀምሮታል።

ጠዋት እትዬ ቡንሩዋን ግቢ ልትጠርግ መጣች። መነኩሴ ምግብ መለመን ክልክል ነው። ስለዚህ አልለመንኩም። "ምስኪን ጊሽጣ፣ ጉንዳን ሊጨርሰው ነው" ብቻ ነው ያልኩት፤ ለራሴ፣ ጮክ ብዬ።

"ጉንዳንም ነፍስ አለው አባ፣ ይብላ" አለችና ዙሪያውን ጠርጋ ሄደች።

አባ ቶንግዳም ከበስተኋላዬ ቆመው ነበር ለካ። "አባ ቡንሎም፣ ልመና በአፍ ብቻ አይደለም። በዓይንም ይለመናል። አንተ ደግሞ በትንፋሽህም ትለምናለህ።"

ቀን 12፣ ሐሙስ

ከስድስት ሰዓት በኋላ የተከለከለው የሚበላ ነገር እንጂ ሻይ አይደለም። ይህን ሳውቅ ነፍሴ ተመለሰች። ሰዉ ለገዳሙ ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት በካርቶን ይሰጣል፤ እኔም አሥር ሰዓት ሲሆን ሻዬን በእሱ ማጠጣት ጀመርኩ፣ ወይም ወተቱን በሻይ።

አባ ቶንግዳም አጠገቤ ተቀመጡ። "ስንተኛህ ነው?"

"ሦስተኛዬ።"

ጎንበስ ብለው ባዶዎቹን ቆርቆሮዎች ቆጠሩ። ሲቆጥሩ ሰው ያስጨንቃሉ።

"ስድስተኛዬ" አልኩ።

"ማንኪያው እኮ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይህ ሻይ ነው እራት?"

ካርቶኑን ወደ ራሳቸው ጎጆ አስወሰዱት።

ቀን 19፣ ሐሙስ

ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ። ጨመረ።

"በዓለም ላይ ገዳም ገብቶ የወፈረ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም" አልኳት ነርሷን።

"እዚህ ወረዳ ውስጥ ብቻ አሥራ አንድ አሉኝ" አለች፣ ቀና ሳትል።

ፓቻሪ በአባ ቶንግዳም ስልክ ደወለች። ቁጥሩን ነገርኳት። "አይ አባ፣ ምን ይሻልዎታል" አለችና "ለማንኛውም የእርስዎን ክፍል ቀለም አስቀብቻለሁ፣ መጋረጃም ገዝቻለሁ" አለች። ድምፅዋ ደስ ደስ ብሎታል። የአባቷ ስኳር ሲጨምር ደስ የሚላት ልጅ!

ቀን 20፣ ዓርብ

ማድ ቤት ሴቶቹ ሩዝ ሲያጥቡ እኔ ከግድግዳው ማዶ ጸሎት አጠናለሁ። ጸሎቱ አልገባ አለኝ፣ ወሬው ግን ጥርት ብሎ ገባ።

"ፓቻሪ ማታ ማታ ትደውልልኛለች" ትላለች እትዬ ቡንሩዋን። "ቀሚሷ አልዘጋ ብሏት በመርፌ ቁልፍ ነው የምታስይዘው። ከሥራ ገብታ ማቀዝቀዣውን ከፍታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ቆማ ትበላለች አሉ። ምን እንደበላች እንኳ አታውቀውም።"

"በአባቷ ወጥታ ነዋ" አለች ሌላዋ።

"እሱን ተዪው። ሆዳም ፍቅር አያውቅም።"

እኔን ጎመን ብላ ትለኛለች፣ ለራሷ ማቀዝቀዣ። ስትመጣ እነግራታለሁ። ስለ እኔ የተባለውን ግን አልወደድኩትም።

ቀን 30፣ ሰኞ

ዝናብ። አሥር ሰዓት ላይ ተነስቼ ደጃፍ ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ወጣሁ። ሆዴ ውስጥ ጉድጓድ ያለ ይመስለኛል። ጠዋት የሁለት ሰው ምግብ በልቼ ነበር።

"ምን አማረህ?" አሉኝ አባ ቶንግዳም።

አሰብኩ። ጊሽጣ? አይደለም። የተጠበሰ ዶሮ? እሱም አይደለም። አምሮት እኮ ስም አለው፣ ይህ ስም የለውም። "ሁሉም" አልኳቸው።

"ታዲያ ሲያምርህ ለምንድን ነው ወደ ማድ ቤቱ ሳይሆን ወደ መንገዱ የምታየው?"

መንገዱን የማየው አውቶቡስ ስለሚያልፍ ነው። ሰው አውቶቡስ ሲያልፍ ያያል፣ ማንም ያያል። እርግጥ ላምዱዋን ከወረዳ ከተማው የምትመለሰው በዚያው አውቶቡስ ነበር። መናኸሪያው በር ላይ የከሰል ሙዝ ጥብስ ስትሸጥ ውላ፣ አሥር ሰዓት ላይ ትወርዳለች። አሮ ገዢ ያጣውን ሁለት ሙዝ በቅጠል ጠቅልላ ታመጣና አንድ ለእኔ አንድ ለእሷ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠን እንበላለን። ሠላሳ ስድስት ዓመት። እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ድብርት ነው።

ቀን 44፣ ሰኞ

የሙታን ሩዝ ቀን። ሳይነጋ ሰዉ ሩዝና ጣፋጭ በሙዝ ቅጠል እየጠቀለለ ከየዛፉ ሥር አስቀመጠ። ሟቾቹ መጥተው እስኪበሉ ውሾቹ ቀደሟቸው። በውሾቹ ቀናሁ፤ ይህን ለማንም አልናገርም።

እትዬ ቡንሩዋን "አባ፣ ለላምዱዋን ምን ላስቀምጥላት? ምን ትወድ ነበር?" አለችኝ።

ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሬያት በልቻለሁ። እሷ የምትወደውን ሳይሆን ለእኔ የጨመረችልኝን ብቻ ነው የማስታውሰው። ሴትዮዋ ቆማ ትጠብቀኛለች።

"ጊሽጣ" አልኩ።

ጊሽጣ ያማረኝ እኔን ነው። ለሟች ሚስቴ የእኔን አምሮት አበላኋት። ቀኑን ሙሉ ይኸው ሲከነክነኝ ዋለ።

ቀን 60፣ ረቡዕ

መጻፉ ያሳፍረኛል፣ ግን ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

ዛሬ የዕጣ ቀን ነበር። ቤተሰብ ሁሉ ለሟቹ አንድ ቅርጫት ምግብ ሠርቶ፣ በቅጠል ሸፍኖ፣ ቁጥር ለጥፎበት ያመጣል። መነኩሴው ዕጣ ያወጣል፣ የወጣለት ቅርጫት የማንም ይሁን የማን የእሱ ነው፤ ሲበላው ለዚያ ሟች ይደርሳል። የምርጫ ነገር የለም። ሥርዓቱ የተበጀው እንደ እኔ ላለው ሆዳም ሳይሆን አይቀርም።

ቅርጫት ቁጥር አራት የእትዬ ቡንሩዋን ነበር። ቅጠሉ ሽፋን ብቻ ነው፣ ሽታው አይሸፈንም። የተጠበሰ ዶሮ፣ ጮማ በነጭ ሽንኩርት፣ ያ ዱባ። ባሏ ነፍሱን ይማርና ሲበላ ላቡ ጠብ የሚል ሰው ነበር። ቁጥር ሰባት ደግሞ ከሁሉ ታንሳለች። በዓይኔ መዘንኳት፤ ግማሽ ኪሎ አትሞላም። የትኛው ቋጣሪ ነው ለሟቹ ይህን ያመጣ አልኩ በሆዴ።

እኔ አወጣሁ። ሰባት።

አባ ቶንግዳም አወጡ። መነጽራቸውን ጎጆአቸው ረስተውት ነበርና ወረቀቷን ወደ እኔ ዘረጉ። "አንብብልኝ።"

አራት።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። አውቃለሁ፤ ያ ጮማ ነው የነካኝ። "ለእርስዎ ሰባት፣ ለእኔ አራት" አልኩ። ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል።

እትዬ ቡንሩዋን ደስ ብሏት ቅርጫቷን ፊቴ አስቀመጠች። ከዚያ "ቁጥር ሰባት" ሲባል ከሕዝቡ ጀርባ አንዲት ሴት ተነሳች። ነጭ ሸሚዝ፣ ቀሚሷ ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ። ፓቻሪ ነበረች። ለካ በአውቶቡስ ስትጓዝ አድራ ሳትነግረኝ መጥታለች። ቅርጫቷን ከፍ አድርጋ ይዛ በፊቴ አለፈችና ከአባ ቶንግዳም ፊት ተንበረከከች።

"ለእናቴ ለላምዱዋን" አለች።

ቅጠሉ ሲነሳ ውስጡ ሁለት የከሰል ሙዝ ነበር። ያረሩ። ሆን ብላ ነው ያሳረረቻቸው። ላምዱዋን ምን ትወድ እንደነበር ሲጠይቁኝ የጠፋኝን ልጄ ባንኮክ ሆና ታውቀዋለች። አሥር ሰዓት ላይ ደረጃው ላይ ስንቀመጥ መሀላችን የምትቀመጠው እሷ አልነበረች እንዴ፣ ከሁለታችንም እየቆነጠረች።

ከዚያ የእትዬ ቡንሩዋንን ባል ጮማ በላሁ። ሁሉንም፣ ሴትየዋ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ እየተመለከተች፣ ለባሏ ነውና ማስተረፍ አልቻልኩም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ሁለቱም በየጉርሻው ከበዱ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ አባ ቶንግዳም ተጎተትኩ። ሙዞቹን አልነኳቸውም። "ዋሽቻለሁ" አልኩ። "ሰባት የእኔ ነበር።"

"አውቃለሁ። አራትና ሰባትን ለመለየት መነጽር አያስፈልገኝም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"አፍህ እስከ የት እንደሚደርስ ልይ ብዬ። ይኸው ሚስትህን ዘልሎ ሄደ።"

እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ያንን ሁሉ ጮማ የያዘ ሆድ ሲያለቅስ ማየት ደስ አይልም፣ እሳቸው ግን ፊታቸውን አላዞሩም። ቀስ ብለው ቅርጫቷን በመሀላችን አደረጉ። "ዕጣ ከተሰጠ አይመለስም። መነኩሴ ግን ለመነኩሴ ያካፍላል። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ጉዳይ ነው፣ ፍጠን።"

አንድ ለእሳቸው፣ አንድ ለእኔ። ላዩ ከስሎ መራራ ነው፣ ውስጡ ማር። ላምዱዋን ወደድኩት ብላ አታውቅም። ወድዳውም ላይሆን ይችላል። የወደደችው ደረጃውን ሊሆን ይችላል። እኔም እንደዚያው።

ጨረስኩትና ጠበቅሁ። ሌላ ያምረኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላማረኝም። ድብርት አይደለም የያዘኝ። ናፍቃኛለች። አሥር ወር ሙሉ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የምትናፍቀኝን ሴት በጮማና በቆርቆሮ ወተት ላገኛት ስፈልግ ኖርኩ።

ቀን 61፣ ሐሙስ

ሁለት መቶ ሰባ አንድ። ነርሷ መሣሪያው ተበላሽቶ ነው ብላ ደግማ ወጋችኝ። አልተበላሸም።

ከዛሬ ጀምሮ የንስሐ ቅጣቴ ይህ ነው፤ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ መብላት፣ አሥር ሰዓት ላይ ያለ ሻይ፣ ያለ ወተት፣ መንገዱን ፊት ለፊት እያየሁ መቀመጥ። "ተደብቀህ ማየቱን ተው" አሉኝ አባ ቶንግዳም። "በደንብ እያት።"

ቀን 75፣ ሐሙስ

መቶ ስልሳ ሁለት።

አሥር ሰዓት ላይ ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ አለፈ። አልወረደችም። ትንሽ አለቀስኩ፣ ትንሽ ራበኝ፣ ሁለቱም አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ለቀቁኝ። ጊሽጣ ወደቀ። ለጉንዳኖቹ መልካም ምግብ ተመኘሁላቸው። ከልቤ አልነበረም፣ ግን ተመኘሁ።

ቀን 82፣ ሐሙስ

መቶ ሠላሳ ስምንት! ሱሪ ቢኖረኝ ይወልቅ ነበር።

ለፓቻሪ ስነግራት "ጎበዝ" አለች። ከዚያ ስለ መጋረጃው ምንም አላነሳችም።

ቀን 89፣ ሐሙስ

የተላጨሁበትን ቀን ጨምሮ ዘጠና ሞላ፤ ሱባኤው ዛሬ ተፈታ። በባዶ ሆዴ፣ መቶ ሃያ አራት።

ነርሷ አጨበጨበች። እትዬ ቡንሩዋን ዱባ ይዛ መጣች፣ መልሳ ይዛው ሄደች። ከባንኮክ የመጣችው ፓቻሪ ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀት ተቀብላ ሁለት ጊዜ አነበበችውና በጥንቃቄ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "አሸነፉ አባ። ቤትዎ አይቆለፍም" አለች። ፈገግ አለች፣ ዓይኖቿ ግን አላገዟትም።

ሠላሳ አራት ዓመት ጥቅል መዝኛለሁ። ከላይ አንድ የሚመስል፣ ስታነሳው ግን ሌላ የሚሆን ጥቅል አለ። ቀን 19 ላይ የጻፍኩትን አሁን መልሼ አነበብኩት። ደስ ያላት በስኳሬ አልነበረም።

ቀን 90፣ ዓርብ

ቢጫውን አውልቄ ሸሚዝ ለበስኩ። ሸሚዙ ውስጥ ለአንድ ሌላ ሰው ቦታ አለ። ለአባ ቶንግዳም ስሰግድላቸው "ቅንድብህ ሲበቅል ተመለስና አሳየኝ" አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ እቤት፣ እኔና ፓቻሪ ደረጃው ላይ። አቧራውን ጠርገን ከሰል አያያዝን፣ ሦስት ሙዝ ጣድን። አንቱታውን ረስታው "አባዬ፣ ጭሱን ወደ እኔ አታራግብ" አለችኝ። ይህን ስሰማ ከስኳሬ በላይ ደስ አለኝ። አሥር ሰዓት ላይ አውቶቡሱ አለፈ። ሁለታችንም አንገታችንን አዙረን ሸኘነው።

"አንቺን የሚርብሽ ስንት ሰዓት ነው?" አልኳት።

"ማን ነገረህ?"

"ግድግዳ።"

ሙዙን ስታገላብጥ ቆየች። "ማታ አንድ ሰዓት ላይ።"

"ለምን አንድ ሰዓት?"

"እማዬ የምትደውልልኝ በዚያ ሰዓት ነበር።" እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ሥራ ሲበዛብኝ አላነሳላትም ነበር። አሁን ስልኩን ይዤ ማቀዝቀዣው ጋ እቆማለሁ።"

አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ሰው ምን ይሠራል ብዬ ነበር። ይኸው መልሱ፤ ቆሞ ይበላል። ውሉን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ መወሰንም የምችለው እኔ ነኝ። ቁልፉን ለእትዬ ቡንሩዋን እሰጣታለሁ። እስከ አዲስ ዓመት ከእሷ ጋር ባንኮክ እቆያለሁ፣ ከዚያ በኋላ ተያይተን እንወስናለን።

"ያ ፎቅሽ ላይ ከሰል ማንደድ ይፈቅዳሉ?"

"ኧረ አይፈቅዱም አባዬ።"

"እንግዲያው መጥበሻ እንይዛለን" አልኩ። "ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ተቀምጠን።"

ሦስተኛዋን ሙዝ ገምሳ አንድ ግማሽ ለእኔ ሰጠችኝ፣ ትልቁን ግማሽ። ትልቁን መልሼላት ትንሹን ወሰድኩባት።